መሬት ከቤት ሥር እንዴት ይከዳል?

ሐምሌ ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ግቢው ላይ ግን ውሃ ተኝቷል። ከአጥሩ ጥግ ያለው ውሃ እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ ይሰርግና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግቢው ይደርቃል። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ቁንዝላ ከጭቃ መገላገል ደስ ያሰኛል። ይሁንና ውሃው ሲገባ ያየ ሰው፣ የት እንደሚወጣም ሊጠይቅ ይገባል። ሲወጣስ ጠርቶ ነው ወይስ ደፍርሶ? ቤቱ የቆመበት መሬት ዕጣ በዚህ መልስ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በአንድ ስኒ ስኳር፣ በሌላው ጠጠር አድርጉና ውሃ ጨምሩባቸው። ስኳሩ ይሟሟል፣ ጠጠሩ እንዳለ ይቀራል። በዓለም ላይ ቤትና መንገድ የዋጡ ብዙ ጉድጓዶች የተፈጠሩት እንደ ስኳሩ ቀስ ብሎ በሚሟሟ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። በባሌ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ የፈለፈለው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። የጣና ዳርቻ ግን የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ሐይቁን በደቡብ በኩል የገደበው ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ይህ ድንጋይ እንደ ኖራ ድንጋይ አይሟሟም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ሲሰነጠቅ ያየነውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ከስምጥ ሸለቆው ጥልቀት የመጣ ነበር።

ታዲያ ቁንዝላን የሚያሰጋት ምንድን ነው? ድንጋዩ ባይሟሟም በላዩ ያለው አፈር ይጓዛል። ለዚህ ደግሞ ሌላ ሙከራ አለ። የጣሳ ቂጥ ላይ የትንሽ ጣት ያህል ቀዳዳ አውጡ፤ ጣሳውን ረጠብ ባለ የተነፋ አፈር ሙሉትና ላዩን በመዳፍ ጠቅጠቅ አድርጉት። ከዚያ በአንድ ጠርዝ በኩል ውሃ በቀስታ አንጠባጥቡ። ከታች ድፍርስ ጠብታ ይወርዳል፣ ላዩ ግን ምንም አልሆነም። ጥቂት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ዝርግፍ ይላል። ቀዳዳውን ደፍናችሁ ብትደግሙት አፈሩ ይጨቀያል እንጂ አይሰምጥም። መሬት እንዲከዳ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው ማለት ነው፦ የሚገባ ውሃ፣ የሚጓዝ አፈርና አፈሩ የሚወጣበት በር።

እነዚህን ሦስቱን በግቢያችን እንፈልጋቸው። ባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። 6 በ8 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 1,200 ሊትር ውሃ ይወርድለታል፤ 60 ጀሪካን ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ጠፈጠፍ የሚያርፈው መሠረቱ ሥር ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በንቃቃቱ፣ በምስጥ ኩይሳ፣ በፍልፈል ጉድጓድ ወይም በበሰበሰ የዛፍ ሥር ይገባና መንገድ ይጠርጋል። መውጫው በር ደግሞ በታች በኩል ያለ ቦረቦር፣ የመንገድ ዳር ቦይ ወይም በግንብ ያልተያዘ አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይሆናል።

ቁንዝላ አጠገብ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ ይቀበላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ሥር በዋሻ እየተጓዘ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ያ ዋሻ በኮንክሪት ስለተለበጠ ውሃው ግድግዳውን ይዞ አይሄድም። ከግቢያችን ሥር በራሱ ጊዜ የተከፈተው ቀጭን ዋሻ ግን ልባስ የለውም፤ ውሃ ባለፈበት ቁጥር ይሰፋል።

ውሃ ከሥር ሲሠራ ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ በደብረ ማዊ ተለክቷል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በአዴት መንገድ ባለችው በዚህች አካባቢ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 አንድ ቦረቦር ሲከታተሉ፣ ውሃው ከሚመጣበት 17 ሄክታር ገደማ መሬት በሄክታር ከ500 ቶን በላይ አፈር መሄዱን አገኙ። በማሳው ገጽ ላይ በዝናብ የታጠበው ከዚህ 20 እጅ ያንሳል። ቦረቦሩ የሰፋው በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ እየወጣ ግድግዳውን ስላራሰውና ስለናደው ነበር። ቦረቦር አጠገብ ቤት የሠራ ሰው ጎርፉን ብቻ ሳይሆን ከጎርፉ በኋላ የሚያዥውንም ግድግዳ መመልከት አለበት።

እሳተ ገሞራ ባለበት አገር አደጋው ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ጓቲማላ ከተማም የቆመችው በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከባድ ዝናብና የሚያፈስ የከርሰ ምድር ፍሳሽ ቱቦ ተጋግዘው 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ተከፈተና ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ዋጠ። ቁንዝላ ያን የሚያህል የአመድ ክምር የላትም፤ ቱቦ ያፈሰሰው ውሃ አፈር ይዞ የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ምልክቶቹን ለመለየት የሚረዳ ቀላል መለያ አለ። የዋልካ ንቃቃት በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይዘጋል። ዝናብ እየጣለ የሚሰፋ ስንጥቅ ካያችሁ ግን አፈሩ እየሄደ ሊሆን ይችላልና ጠርጥሩ። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከያዘ፣ ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ከወጣ፣ አጥር ካዘነበለ፣ መሬት ላይ ክብ ስንጥቅ ወይም አዲስ ስርጉድ ከታየ፣ ቁልቁል ወርዳችሁ ውሃው የሚወጣበትን ፈልጉ። ደፍርሶ የሚወጣ ከሆነ ያ ድፍርስ የግቢያችሁ አፈር ነው።

መፍትሔው ከውሃው ይጀምራል። ለጣሪያው አሸንዳ አድርጉ፣ ማሳ ላይ ፈሰስ እንደሚወጣው ሁሉ የግቢውን ውሃ ከመሠረቱ አርቁ፣ የሚያፈስ ቱቦ ሳይውል ሳያድር ይጠገን። የተከፈተን ጉድጓድ በቆሻሻና በአመድ መድፈን ከንቱ ድካም ነው፤ ውሃው እሱንም ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ከሆነና ከቤት ከራቀ፣ በበጋ ጉሮሮው እስኪገኝ ቆፍራችሁ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ አነስ ያለ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ በመጨረሻም በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ሙሉት። ይህ እንደ ጠላ ማጥለያ ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። አሮጌ ሽንት ቤት ላይ ቤት አትሥሩ፤ በላዩ ያለው እንጨት መበስበሱ አይቀርም።

ጉድጓዱ ከቤት ሥር ወይም ከግድግዳው አጠገብ ከተከፈተ ግን እቃ እናውጣ ብላችሁ አትዘግዩ። ሰውና ከብት ይውጣ። ጠርዙም ላይ አትቁሙ፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነውና የቆማችሁበት ቦታ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ራቅ አድርጋችሁ በእሾህ አጥሩና ቀበሌ አስታውቁ፤ ባለሙያ ሳያየውም ተመልሳችሁ አትግቡ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ግቢያችን በፍጥነት የደረቀ ዕለት ደስ ከማለታችን በፊት ጎንበስ ብለን ከታች ያለውን ቦይ እንይ።