ሁልጊዜ ጥፋቱ የሸራው ነው? በፎገራ ሜዳና በደብረ ታቦር ቁልቁለት ስለ ፍሬን የሚባለውና እውነታው

ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያልፋል። ሁለተኛው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ሲሆን በዓለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ይወጣል። ሁለቱም ለፍሬን ፈተና ናቸው። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ነው፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ዋልካው ከጎማ አልፎ ከመኪናው ሥር ያለውን ሁሉ ይለጥፈዋል። የደብረ ታቦሩ መንገድ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ ወረታ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚሠራ ሹፌር «ሸራ አይበረክትልኝም» ብሎ ሲያማርር እውነቱን ነው። የማልስማማው ምክንያቱ ላይ ነው። ጥፋቱ ሁሉ በሸራው ላይ ይላከካል፤ ሸራው ይቀየራል፤ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ጎማ ላይ፣ በዚያው በኩል ያለው ሸራ እንደገና ያልቃል።

ክረምቱን ፎገራ ላይ ሲመላለስ ከከረመ ሃይስ ሚኒባስ የፊት ጎማ የወጡ ሁለት ሸራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። ውጨኛው ገና ግማሽ እንኳ አልተበላም። ውስጠኛው ግን ብረቱ ብቅ ሊል ጥቂት ቀርቶታል፤ ጠርዙ በሙቀት ጠቁሯል። ካሊፐሩን የያዘውን ፒን ስትነቅሉ ግራሶ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ የደረቀ ቡናማ ዱቄት ታገኛላችሁ፤ በፒኑ መሸፈኛ ጎሚኒ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ዋልካ ተጋግሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ሸራዎች ከአንድ ካርቶን ወጥተው በአንድ ቀን ገብተዋል፤ የታዘዙትም በአንድ ፔዳል ነው። ታዲያ አንዱ ተበልቶ ሌላው ለምን ተረፈ?

«ፎርጅድ ነው ያስገቡልኝ» ይባላል። ጥራት የሌለው ሸራ በገበያው እንዳለ አይካድም፤ ቶሎ ያልቃል፣ ይጮኻል፣ ይሰነጣጠቃል። ነገር ግን መጥፎ ሸራ የሚያልቀው በሁሉም በኩል ነው። ከአንድ ካርቶን ከወጡ አራት ሸራዎች አንዱ ብቻ ሲያልቅ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ማሳበብ አይቻልም። ሸራውን የሚገፋውና የሚመልሰው ዕቃ ነው መታየት ያለበት።

ነገሩን ለመረዳት የካሊፐሩን አሠራር ማወቅ ግድ ይላል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች ላይ ያለው ካሊፐር ፒስቶን የሚኖረው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስቶኑ ውስጠኛውን ሸራ ዲስኩ ላይ ይገፋዋል። ያው ግፊት ደግሞ የካሊፐሩን አካል ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ አካሉም በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ ውጨኛውን ሸራ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሸራዎች ዲስኩን እኩል የሚይዙት ፒኖቹ እስከተንሸራተቱ ድረስ ነው። ፒኖቹ ደርቀው ወይም ዝገው ከነከሱ ውጨኛው እምብዛም አይነካም፤ ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ላይ ይወድቃል።

ፒስቶኑን ወደ ቦታው የሚመልሰውም ብዙዎች እንደሚገምቱት ስፕሪንግ አይደለም፤ ዙሪያውን የከበበው የጎማ ቀለበት ነው። ፒስቶኑ ሲወጣ ጎማው አብሮት ይጣመማል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎማው ቀጥ ሲል ፒስቶኑን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ለማይሞላ ርቀት ወደ ኋላ ይስበዋል። ሸራውን ከዲስኩ የምታላቅቀው ያቺ ርቀት ናት። የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ተቀድዶ ጭቃ ከገባ ወይም ፒስቶኑ ከዛገ ርቀቷ ትጠፋለች፤ ሹፌሩ ፍሬን ባይዝም ሸራው ዲስኩን እያሸ ይውላል።

ስለዚህ ያለቀ ሸራ ራሱ ይናገራል። ውስጠኛው ብቻ ካለቀ ፒኖቹ ነክሰዋል፣ አለዚያም ፒስቶኑ አልመለስ ብሏል። ውጨኛው ብቻ ካለቀ ካሊፐሩ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ መመለስ አቅቶታል፤ ያኔም ፒኖቹ ናቸው የሚታዩት። አንዱ ሸራ ከአንድ ጫፍ ቀጥኖ ከሌላው ጫፍ ወፍሮ ከተገኘ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ብቻ ይዟል፣ ወይም የሸራው ጆሮ የሚቀመጥበት ቦታ ዝጎ ሸራውን አላላውስ ብሎታል። የአንድ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች አልቀው በወዲያኛው ጎማ ያሉት ደኅና ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ። ይህን ሁሉ የሚናገሩትን ሸራዎች ሳያዩ ወርውሮ አዲስ መግጠም በሽታውን ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደመስጠት ነው።

«በቸርኬው ቀዳዳ አይቼዋለሁ፣ ገና ብዙ አለው» የሚለው አነጋገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በቸርኬው ቀዳዳ የሚታየው ውጨኛው ሸራ ነው። በዚህ አካባቢ ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጠኛው ነው። አዲስ የፊት ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። ውጨኛው 7 ሚሊ ሜትር ላይ ሳለ ውስጠኛው ብረት ከብረት ሊያፋጭ ይችላል። በጩኸቱ አውቃለሁ ማለትም አያዋጣም፤ የምትጮኸው ትንሽ ቆርቆሮ በሁሉም ሸራ ላይ የለችም፣ ካለችም ባላለቀው ላይ ልትሆን ትችላለች። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራም በዓመት አንዴ ነው፤ የግራና የቀኙን የፍሬን ኃይል የሚለካ መሣሪያ እንኳ ውስጠኛው ሸራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው አይናገርም። ጎማውን አውልቆ ከላይና ከውስጥ ማየት እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ከመኪና ጋር የሚውሉ ሰዎች «ጎርፍ ፍሬን ያጥባል፣ ያጸዳል» ሲሉ ይሰማል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀውን ዓይነት ጎርፍ ባይመጣ እንኳ፣ በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው ላይ ውሃ ሳያቋርጡ መሥራት ይከብዳል። ያ ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ ደለልና ዋልካ ይዟል። ዋልካ ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ከጎሚኒው በታች ከገባ ግራሶውን አጥቦ በቦታው ዝገትን ይተካል። ከውሃ እንደወጡ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ደጋግሞ በመያዝ ማድረቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ፒኑ ውስጥ የገባውን ጭቃ ግን አያወጣም። ፍሬኑ መታጠብ ያለበትም ጎማው ወልቆ፣ ጎሚኒዎቹ ተመርምረው ነው።

ግራሶን በተመለከተ «ግራሶ ግራሶ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ካሊፐር ገድሏል። ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግራሶና የሞተር ዘይት ከነዳጅ የሚሠሩ ናቸው፤ በፍሬን ውስጥ ያለውን ጎማ ያሳብጡታል። ያበጠ ጎሚኒ ፒኑን አንቆ ይይዛል፤ ሊያድኑት የገቡትን ችግር ራሳቸው ያመጡታል። ለፒን የሚሆነው ለፍሬን ተብሎ የተሠራው፣ ሙቀት የሚችለውና ጎማ የማይጎዳው በሲሊኮን የሚሠራ ግራሶ ነው። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ከማስተሩ እስከ ካሊፐሩ ያለውን ጎማ ሁሉ ያበላሻል።

አሁን ወደዚያ ወደተውኩት ልመለስ፤ የአንድ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ሲያልቁ። «መኪናው ወደ ጎን አይጎትትም፣ ስለዚህ ፍሬኑ ደኅና ነው» የሚል እምነት አለ። መጎተት አንድ ምልክት ነው፤ አለመጎተት ግን የጤና ማረጋገጫ አይደለም። በትንሹ የሚያሽ ሸራ መሪው ላይ ሳይታወቅ ዲስኩን ሲያግል ይውላል። ፍሬን ብዙም ሳይይዙ ሜዳው ላይ ጥቂት ከነዱ በኋላ ቆም ብሎ እጅን ወደየቸርኬው ማስጠጋት (ዲስኩን መንካት አይደለም፣ ያቃጥላል) የትኛው ጎማ ከሌሎቹ እንደጋለ ይነግራል።

ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ እንዳይንሸራተት ደግፎ፣ ሰው ፔዳሉን ረግጦ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ጎማው በእጅ አልዞር ካለ የካሊፐሩን የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ ያድርጉት። ዘይት ፊን ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ፒስቶኑ አይደለም ጥፋተኛው፤ ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ታግቷል። አብዛኛውን ጊዜ ያገተው ወደ ካሊፐሩ የሚገባው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ነው። ውጭው ደኅና መስሎ ውስጡ ተልጦ ሊያብጥ ይችላል፤ እግር የሚገፋው ዘይት በኃይል ያልፋል፣ ለመመለስ ግን ኃይል የለውምና ይቀራል። ብሎኑ ላልቶም ጎማው እንደያዘ ከቀረ ፒስቶኑ ወይም ፒኖቹ ጃም አድርገዋል። ይህ ፍተሻ ከአንድ ብሎን መፍቻ ሌላ የሚጠይቀው የለም፤ ሆኖም ቱቦው ሳይጠረጠር ደኅናው ካሊፐር የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ያለው እምነት ሕይወት የሚያስከፍል ነው። «ከደብረ ታቦር ስትወርድ ማርሽ ነፃ አድርገው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» ይባላል። ተሳፋሪና ጭነት ጨምሮ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 900 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ጎማው የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ይሸከም ነበር። ማርሽ ነፃ ሲሆን የተረፈው ሁሉ ዲስክ፣ ታምቡርና ሸራ ላይ ይወድቃል። አንዱ ጎማ ላይ ፒን ከነከሰ ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ሸራ ላይ ይከማቻል። ከዚያ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል፤ ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ስቦ ካረጀ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። በዘመናዊ ሞተር ማርሽ ተይዞ ነዳጅ ሳይሰጡ ሲወርዱ የነዳጁ መርጫ ስለሚዘጋ ቁጠባ የተባለውም ተረት ነው። ታች ደርሶ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋትም አይገባም፤ ብረቱ በድንገት ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ቀስ ብሎ እየነዱ በነፋስ ማብረድ ይሻላል።

ወረታ የሩዝ አገር ናትና ጭነት አይቀርም፤ ጭነት ለመቻልም ባልስትራ መጨመር የተለመደ ነው። «ባልስትራ ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል ሰው፦ በሃይስና በሂሉክስ ላይ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ጭነቱን የሚያውቀው ሻንሲው ወደ አክሱሉ ምን ያህል እንደቀረበ በዘንግ እየለካ ነው። ባልስትራ ሲጨመር መኪናው ከፍ ስለሚል ቫልቩ ባዶ መኪና መስሎት ለኋላው የሚሰጠውን ግፊት ይቀንሳል። የሦስት ቶኑን ሸክም አብዛኛውን የፊቱ ፍሬን ይሸከመዋል። የፊት ሸራ አልበረክት ያላቸው ብዙ መኪኖች ምክንያታቸው እዚያ ከኋላ ነው።

እኩል አለማለቅ ሁሉ ብልሽት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ሸራ ከኋላው ቀድሞ ማለቁ ጤና ነው። በታምቡር ውስጥ ካሉት ሁለት ሸራዎችም ከጎማው ዙር ጋር የሚገፋው ከሌላው በላይ ሲበላ ይገኛል፤ የኢሱዙና የባጃጅ ባለቤቶች በዚህ አይደንግጡ። የሚያስደነግጠው የግራውና የቀኙ፣ ወይም የአንድ ካሊፐር ሁለት ሸራዎች መለያየት ነው።

ያላለቀውን ሸራ ካለቀው ጋር ማገለባበጥ፣ ወይም አንዱን ጎማ ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም። ሸራ የሚቀየረው በአንድ አክሱል ላይ ያሉት አራቱም በአንድ ጊዜ ነው፤ ግራና ቀኝ እኩል ካልያዙ እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው አቅጣጫውን ይስታል።

ሹፌሮችና ባለ ንብረቶች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ተሳፋሪ ቢጠብቃችሁም «ቀይርልኝና ልሂድ» አትበሉ። መካኒኩ አሮጌዎቹን አራት ሸራዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሮ እንዲያሳያችሁ፣ ፒኖቹን ነቅሎ አጽድቶ በትክክለኛው ግራሶ እንዲመልሳቸው፣ የተቀደደ ጎሚኒ ካለ እንዲቀይር ጠይቁ፤ ለዚህ ሥራም ተገቢውን ዋጋ ክፈሉት። ውሃው ከፎገራ በሚሸሽበት በመስከረም መጨረሻ፣ የሩዝ ጭነት ሳይጀመር ይህን አድርጉ።