ቤካም ሲገባ ማኬሌሌ ወጣ
የሪያል ማድሪድ የንግድ ስም እንዴት ተገነባ? ሜዳ ላይስ ምን አስከፈለ?

ጁላይ 2 ቀን 2003 (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴቪድ ቤካም በማድሪድ ለዓለም ሲታይ ነገሩ የተጫዋች ማስተዋወቂያ ሳይሆን የዘውድ በዓል ይመስል ነበር። ከየአገሩ የጎረፈው ጋዜጠኛ አዳራሹን አጨናንቆታል። ማልያውን ያስረከቡት የክለቡ የምንጊዜም ኩራት አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ናቸው። ቁጥሩ 23 ነው። በማንቸስተር ዩናይትድ ሲለብሰው የነበረው 7 ቁጥር የራውል ነው፤ ራውል ደግሞ በቤርናቤው የሚነካ ሰው አይደለም። 23 ግን የቅርጫት ኳሱ ንጉሥ የማይክል ጆርዳን ቁጥር ነበር። አሜሪካም እስያም ያውቀዋል። ቁጥሩ ራሱ ገበያ አለው ማለት ነው።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ የዝውውሩ በር ሊዘጋ ሲል፣ ከዚሁ ክለብ አንድ ሰው ያለ ከበሮና ያለ እልልታ ወጣ። ፈረንሳዊው ተከላካይ አማካይ ክላውድ ማኬሌሌ። ቼልሲ ወደ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። የ30 ዓመቱ ተጫዋች የጠየቀው የደመወዝ ጭማሪ ነበር። ከእሱ ጋር የሚጫወቱት ከዋክብት ከሚያገኙት በእጅጉ ያነሰ ይከፈለው ነበርና። ክለቡ እምቢ አለ።

ለመሆኑ ሪያል ማድሪድን የመሰለ ክለብ ለአንዱ የዓለምን ገንዘብ እያፈሰሰ በሌላው ላይ ለምን ጨከነ? መልሱ ከሦስት ዓመት በፊት ይጀምራል።

በ2000 የተካሄደው የክለቡ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሎሬንሶ ሳንስ በቀላሉ የሚያሸንፉበት ይመስል ነበር። በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ያመጣ ሰው ማን ይጥለዋል? የግንባታ ሥራ ባለሀብቱ ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ግን ሌላ ካርታ መዘዙ። «ከመረጣችሁኝ ሉዊስ ፊጎን ከባርሴሎና አመጣለሁ» አሉ። አመጡትም። 10 ቢሊዮን ፔሴታ፣ ማለትም 60 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣበት። ካታሎናውያን ፊጎን ይሁዳ አሉት፤ ፔሬዝ ደግሞ ወንበሩን ያዙ።

ወንበሩ ግን ዕዳ ነበረበት። አዲሱ ፕሬዚዳንት የክለቡን የልምምድ ቦታ በ2001 ሸጡና ቀዳዳውን ደፈኑ። ዛሬ በቦታው ላይ የማድሪድ ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቅድ ነው ቁም ነገሩ። ዝናው የገነነ ተጫዋች በየዓመቱ አንድ አንድ ይገዛል። በ2001 ዚነዲን ዚዳን ከ70 ሚሊዮን ዩሮ በላይ በሆነ የዓለም ክብረ ወሰን መጣ። በ2002 ብራዚላዊው ሮናልዶ ተከተለ። በ2003 እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣው ቤካም። የቀረው ቦታ በክለቡ ልጆች ይሞላል። ፖሊሲው በተከላካዩ ፍራንሲስኮ ፓቮን ስም «ዚዳኖችና ፓቮኖች» እስከ መባል ደረሰ።

የሒሳቡ አሠራር ቀላል ነው። ኮከቡ ሲፈርም ከምስሉ የሚገኘውን ገቢ ግማሹን ለክለቡ ይሰጣል። ማስታወቂያ በሠራ ቁጥር ክለቡም ይበላል። የገበያውን ሥራ እንዲመሩ የተቀጠሩት ሆሴ አንሄል ሳንቼስ ከቪዲዮ ጌም ኩባንያው ሴጋ የመጡ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው ጨዋታው በ90 ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ማልያው፣ ፎቶው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ጉዞው ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ከአልባሳት አቅራቢው አንፃር ስናየውማ ቤካም የተሰፋለት ልብስ ነው። ጫማው አዲዳስ፣ የማድሪድም ማልያ አዲዳስ። ዩናይትድ ግን ከ2002 ጀምሮ የናይኪ ነበር። የሦስቱ ጥቅም በአንድ ሰው ላይ ገጠመ።

እዚህ ላይ ለፔሬዝ ሐቁን መስጠት ያስፈልጋል። ቤካም በመልኩ ብቻ የተገዛ የሚመስለው ካለ ኳሱን አላየም። ቅጣት ምቱን፣ ረጅም ኳሱን፣ ከሁሉም በላይ ሩጫውን የማድሪድ ተመልካች ቶሎ ወደደለት። ችግሩ ቤካም አልነበረም።

ችግሩ ቡድኑ የሚዘጋጅበት መንገድ ነበር። ለአዲሱ የውድድር ዘመን ላብ መፍሰስ ሲገባው ቡድኑ እስያ ላይ ዞረ። ኩንሚንግ፣ ቤይጂንግ፣ ቶኪዮ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ባንኮክ። ልምምዱ ሳይቀር ተመልካች ነበረው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ፣ ሁለት ላሊጋና ሁለት ሻምፒዮንስ ሊግ ያመጡት አሰልጣኝ፣ ሻምፒዮን በሆኑ ማግስት ተሰናብተዋል። አምበሉ ፈርናንዶ ኢዬሮም ሄደ። በምትኩ የተገዛ ልምድ ያለው ተከላካይ የለም። ተከላካይ ማልያ አይሸጥማ!

ማኬሌሌም እንደዚያው። በሦስት ዓመት ቆይታው ሁለት ላሊጋና የ2002ን ሻምፒዮንስ ሊግ በልቷል። ፊጎና ዚዳን ወደፊት ሲሄዱ፣ ሮቤርቶ ካርሎስ መስመሩን ይዞ ሲነጉድ፣ ኋላ የሚቀረውን ሜዳ ብቻውን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ቤቱን የሚያየው እንግዳ ጣሪያና ቀለሙን ያደንቃል እንጂ መሠረቱን ማን ቆፍሮ ያያል? በወቅቱ በሰፊው እንደተዘገበው ፔሬዝ ማኬሌሌ ኳስ የሚያቀብለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ መሆኑን፣ በጭንቅላትም ደካማ መሆኑን ተናግረው ሽኝቱን አቃለሉት። የቡድን ጓደኞቹ ግን እንደዚያ አላሰቡም፤ ዚዳን መሄዱን ከተቃወሙት አንዱ ነበር።

ሒሳቡ የመጣው በ2004 የጸደይ ወራት ነው። ማድሪድ ላሊጋውን እየመራ፣ በሦስት ዋንጫ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ማርች 17 በንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ በሳራጎሳ 3 ለ 2 ተረታ። ቀጥሎ ሞናኮ መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቤርናቤው ላይ 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊግ ወደቀ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ በሁለቱም ጨዋታ ለሞናኮ ጎል ካገባው አንዱ ፈርናንዶ ሞሪዬንቴስ መሆኑ ነው። ሮናልዶ ሲመጣ ቦታ ያጣውና በውሰት የተላከው የራሱ የማድሪድ ተጫዋች! በላሊጋውም የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ አራተኛ ሆነ። ዋንጫውን ቫሌንሲያ ወሰደ።

ከዚያ የአሰልጣኝ ሩጫ ነው። ኬሮዝ፣ ካማቾ፣ ጋርሲያ ሬሞን፣ ሉሸምቡርጎ፣ ሎፔስ ካሮ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አምስት ሰው። በ2003 ከተገኘው የስፔን ሱፐር ካፕ በቀር ዋንጫ የለም። ፔሬዝ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2006 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ላሊጋው ወደ ቤርናቤው የተመለሰው በ2007፣ በፋቢዮ ካፔሎ እጅ ነው።

ይሁንና የገንዘቡ ጎን ሌላ ታሪክ ያወራል። ዴሎይት ባወጣው ስሌት ማድሪድ በ2004/05 275.7 ሚሊዮን ዩሮ አስገብቶ ለስምንት ዓመት አንደኛ የነበረውን ማንቸስተር ዩናይትድን በለጠ። ዩናይትድ ያገኘው 246.4 ሚሊዮን ነው። አስቡት እንግዲህ፤ አንድም ዋንጫ ባልነበረበት ዓመት! የፔሬዝ ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ የሚመዙት ወረቀት ይኸው ነው። የንግድ ስም አንዴ ከገነነ የሽንፈትን ዓመት ይሸፍናል ይላሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን ያ ስም ከየት መጣ ቢባል በዲ ስቴፋኖ ዘመን ከተነሡት ዋንጫዎች ነው። ኮከቦቹ የጨመሩበት እንጂ የፈጠሩት አይደለም። ከተጠራቀመው እየቆነጠሩ መብላት ደግሞ ስንት ዓመት ያስኬዳል?

ማኬሌሌ በለንደን ምን አደረገ? በ2005 እና በ2006 ከቼልሲ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። እንግሊዞችም ከተከላካዮች ፊት የሚቆመውን ሰው ሥራ «የማኬሌሌ ሚና» ብለው ሰየሙት። ማልያ አይሸጥም የተባለው ሰው ስሙ የሜዳ ቦታ መጠሪያ ሆነለት። ይህን ዕድል ቤካምም ፊጎም አላገኙትም።

ፔሬዝ በ2009 ተመለሱ። ያን ጊዜም ካካንና ክርስቲያኖ ሮናልዶን በመግዛት ነው የጀመሩት፤ ሰውየው ጠባያቸውን አልተዉም። ነገር ግን በ2013 ከሳኦ ፓውሎ ብዙም ሳይወራለት የመጣው ካሴሚሮ ቀስ በቀስ የማኬሌሌን ቦታ ያዘ። በቡድኑ ውስጥ እያለ ማድሪድ አምስት ሻምፒዮንስ ሊግ በላ። በ2023/24 ደግሞ ክለቡ በአንድ የውድድር ዘመን ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ በማስገባት ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ካሴሚሮ ኦገስት 2022 እስከ 70 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ሒሳብ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሄድ ክለቡ የሽኝት ሥነ ሥርዓት አዘጋጀለት። ተጫዋቹ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም። የምስጋናውን ንግግር ያደረጉት ራሳቸው ፔሬዝ ናቸው።