ስለ አዳሪ ልጃገረዶች ውሎና ስለ ዓመቱ መዝጊያ ማስታወቂያ

ልጁን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሰድ ቤተ ሰብ ከንብረቱ ሁሉ የሚበልጠውን አደራ በሰው እጅ ያስቀምጣል። ገንዘብ ያበደረ ሰው ወረቀት ይቀበላል፤ ከብቱን ለእረኛ የሰጠም ሲመሽ ቈጥሮ ይረከባል። ልጁን ለትምህርት ቤት የሰጠ ወላጅ ግን አደራው ምን እንደ ደረሰ የሚሰማው በዓመቱ መጨረሻ፣ የመዝጊያው ማስታወቂያ በሚነበብበት ቀን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ምን እንደሚል፣ ከዚያም አስቀድሞ ልጂቱ ዓመቱን በምን ዐይነት ውሎ እንደ ፈጸመች ማወቅ ለአባትና ለእናት የሚገባ ነገር ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ አድርገን የምናነሣው በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. በእቴጌ መነን በጎ ፈቃድና ርዳታ ተከፈተ። ለወንዶች ልጆች የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፍቶ ስለ ነበር፣ እኅቶቻቸው ከደጅ እንዳይቀሩ የታሰበ ሥራ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የውጭ አገር ቋንቋ ሆኖ የሚሰጠው ፈረንሳይኛ ነበር። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ሥራው ተቋረጠ፤ ነጻነት ሲመለስ ግን በሩ ዳግመኛ ተከፍቶ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ዲሬክትሪስ ሆኑ። እርሳቸው በስዊስ አገር የተማሩ፣ በወረራው ጊዜም ተማርከው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት የታሰሩ ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ወደ የካቲት 12 ተለውጦ ነበር።

እንግዲህ የአዳሪዎችን ውሎ እንመልከት። ሰዓቱና ሥርዓቱ በየትምህርት ቤቱ ጥቂት ቢለያይም፣ ልማዱ ይህን ይመስላል። ደወሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ይደወላል። ልጂቱ ተነሥታ አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ የደንብ ልብሷን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋራ ትሰለፋለች። በአባቷ ቤት ውሃ በገረድ የሚቀርብላት የመኰንን ልጅ ብትሆንም፣ አባቷ አራሽ ከሆነው ጓደኛዋ ተለይታ የምትታጠብበት ውሃ የለም። ከጸሎትና ከቁርስ በኋላ ትምህርት ይጀመራል፤ አማርኛው፣ ሒሳቡ፣ የውጭው ቋንቋ፣ የአገር ታሪክና ጂኦግራፊው በየሰዓቱ ይፈራረቃል። ከምሳ በኋላም ስፌትና ጥልፍ፣ የቤት አያያዝና የንጽሕና ትምህርት ይከተላል። በጾም ቀን የሚቀርበው የጾም ወጥ ነው። ወደ ማታ ጥቂት የጨዋታ ጊዜ ይሰጥና፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ አዳራሽ በዝምታ ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠናሉ። እራት ተበልቶ ጸሎት ሲደርስ መብራት ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ውሎ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ከእናቷ ጉያ ወጥታ ለማታውቀው ልጅ መጀመሪያው እጅግ ይከብዳታል። ይህንንም ወላጆች ከደብዳቤዋ ያውቁታል። በጥቅምት የሚደርሳቸው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ናፍቆቷን ከገለጸች በኋላ «መጥታችሁ ውሰዱኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ እናት ታለቅሳለች፤ አባትም በቅሎ ጫኑልኝ ወደ ማለት ይደርሳል። ነገር ግን እስከ ጥር የታገሠ ቤተ ሰብ ሌላ ደብዳቤ ይቀበላል። በእርሱ ውስጥ ልጂቱ ለጥልፍ የሚሆን ቀይ ክር፣ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ለጓደኞቿም የሚበቃ ዳቦ ቆሎ እንዲላክላት ትለምናለች። እንግዲህ ለምዳለች ማለት ነው። ዳቦ ቆሎውን የሚልክ ሰው ለአንድ ልጅ የሚበቃ ብቻ አይላክ፤ በአንድ ቤት የሚያድሩ ሁሉ ይካፈሉታልና፣ ጥቂት የተላከላት ልጅ ወይ ትሰስታለች ወይ ጦሟን ታድራለች።

ግንቦት ሲጋመስ በግቢው ውስጥ ሳቅ ይቀንሳል፤ ፈተና ቀርቧልና። ፈተናው ካለቀ በኋላ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማስታወቂያው ትምህርት የሚዘጋበትን ቀን፣ መመለስ ያለባቸውን መጻሕፍትና ብርድ ልብስ፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚዛወሩትንና በዚያው ክፍል የሚደግሙትን፣ በመጨረሻም በመስከረም ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን ይናገራል። ቀድሞ መንገድ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ አንዳንዶቹ ልጆች ክረምቱን በትምህርት ቤት ያሳልፉ ነበር።

የመዝጊያው ዕለት የደስታ ቀን ነው። የልጆቹ የእጅ ሥራ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለእንግዶች ይታያል፤ መዝሙርና ቴአትርም ይቀርባል። ወይዘሮ ስንዱ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ቴአትር ራሳቸው ይደርሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በትምህርት ቤቶች በዓል ላይ እየተገኙ ብልጫ ላገኙት ሽልማት በእጃቸው መስጠትን ልማድ አድርገው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረጃው ይነበባል፤ ወላጅም ልብ ሊል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 1ኛ የወጣችው ልጅ ስሟ ሲጠራ ይጨበጨባል፤ ከ30 ልጆች 18ኛ የወጣችው ግን አንገቷን ትደፋለች። ሆኖም የደረጃው ቍጥር ልጆቹ ከየት እንደ ተነሡ አይናገርም። አንዲቱ በከተማ ያደገች፣ ፊደልን በአባቷ ቤት ቈጥራ የመጣች ናት። ሌላዪቱ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት፣ አማርኛ ከማይነገርበት ቤት መጥታ ቋንቋውንና ትምህርቱን በአንድነት የተማረች ናት። የሁለቱ ድካም እኩል ሳይሆን አንድ ወረቀት ይመዝናቸዋል። ስለዚህ ወላጅ ደረጃውን ብቻ አይቶ ከመቈጣት ይልቅ፣ የየትምህርቱን ነጥብ ካለፈው ዓመት ጋራ ያስተያይ፤ ከግርጌ መምህርቷ ስለ ጠባይዋና ስለ ትጋቷ የጻፈችውን መሥመርም ያንብብ። በእንግዳ ፊት «የእገሌ ልጅ በለጠችሽ» ማለት ልጅን ማዋረድ እንጂ ማትጋት አይደለም።

ልጂቱ ወደ ቤት ስትገባም ቤተ ሰቡ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ውሃው ይፈላ፣ ሕፃኑ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠብ ትላለች። በዚህ ጊዜ አሮጊቶች «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ይሥቁባታል። ለሣቁ አንከለክልም፤ ውሃው ግን ይፈላ። ልጂቱም በበኩሏ ትምህርቷን በትሕትና ትናገር፤ እናቷ ያለ ደወልና ያለ መጽሐፍ ቤት ያቆመች ሴት መሆኗን አትርሳ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንድረስ። ሠርግ በክረምት አይደገስም፤ የሠርግ ነገር ግን በክረምት ይነገራል። ልጂቱ አድጋ፣ ንጽሕናዋና አነጋገሯ አምሮ ስትታይ ሽማግሌ ይላካል። አባትም «ጽሕፈትና ጥልፍ ዐወቀች፣ ይበቃታል» ይልና ቃል ይሰጣል፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ይሆናል ተብሎ ልጂቱ በመስከረም ከቤት ትቀራለች። በትምህርት ቤት ግን በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ይገለጣል፤ ስሟ ሲጠራ የሚመልስ ይጠፋል። በሰኔ ከተዛወሩት መካከል በጭብጨባ የተነበበው ስም በመስከረም መሥመር ይሰመርበታል። ይህ የሆነው አንድ ጊዜ ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ብዙ የአገራችን ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ያቋረጡት ፈተና ጥሏቸው ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ሕጉም ቢሆን ወደዚህ ነገር የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ወንዱን 18፣ ሴቲቱን 15 ዓመት ይበቃታል ብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። በሁለቱ ሕጎች መካከል 40 ዓመት አልፏል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉት ሦስት ዓመታትም ልጂቱ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርቷን የምትፈጽምባቸው ዓመታት ናቸው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚከለክለው ክፉውን ነው፤ ልጂቱን በመስከረም መንገድ ላይ የሚያወጣት የአባቷና የእናቷ ፈቃድ ነው።

የተማረች ሴት ለአገር ምን እንደምትሆን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ያችኑ ዲሬክትሪስ እናመልክተዋለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው፤ በዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሴት ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሰደዱት፣ ይህን ማድረግ ገና እንግዳ ነገር በነበረበት ዘመን ነው። «ይበቃታል» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሳቸው የተማሩት ልጃገረዶች ሌላ መምህር በፈለጉ ነበር።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ልጃችሁ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለች እንደ ሆነ፣ ማስታወቂያው በሚነበብበት ቀን ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከደረጃዋ አስቀድማችሁ ትምህርት የሚጀመርበትን የመስከረም ቀን ጻፉ፤ በክረምቱም ሽማግሌ ሲመጣ ያንን ወረቀት አሳዩት። ለመንገድ የሚሆናትን ልብስና ስንቅ በነሐሴ አዘጋጁላት። 1ኛም ብትወጣ 18ኛም ብትወጣ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትል ልጅ ይኑራችሁ።