ለክርስትና ልጅ የሚሰጥ ገጸ በረከት

ሰው ከአንዱ የዕድሜ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ዘመድና ወዳጅ ስጦታ ማቅረቡ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኝ ልማድ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድም ይኸው ልማድ አለ፤ ነገር ግን ስጦታው ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው በአብዛኛው የሚወስነው ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያን ልማድ ለመረዳት አስቀድሞ ይህን ልዩነት መመልከት ያሻል።

በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትና የማጽኛ ሥርዓት በጊዜ ተለያይተዋል። በሉተራውያን ዘንድ በሕፃንነቱ የተጠመቀው ልጅ ካደገ በኋላ ትምህርተ ሃይማኖት ይማራል፤ ከዚያም በምእመናን ፊት ቆሞ እምነቱን ራሱ ያጸናል። በዴንማርክና በኖርዌይ ይህ ሥርዓት በ1736 በአውሮጳ አቈጣጠር በሕግ ግዴታ ሆኖ ነበር፤ ያልፈጸመውም ወጣት ጋብቻ አይፈቀድለትም ነበር። እንዲህ ላለው ወጣት የመዝሙር መጽሐፍ ወይም ሰዓት ሲሰጠው፥ ስጦታው በጉልምስና ደጃፍ ለቆመ ሰው የተሰጠ ነውና በዚያው ዕለት ትርጕሙን ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ይህም ቍጥር ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ጋር ይያያዛል፤ እንደዚሁም መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፥ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። ከጥምቀቱም ቀጥሎ ሕፃኑ ቅብዐ ሜሮን ተቀብቶ ይቈርባል። እንግዲህ ልጁ ጎልምሶ የሚፈጽመው ሌላ የማጽኛ ሥርዓት የለም ማለት ነው። ገጸ በረከቱም የሚሰጠው ገና ስሙን እንኳ ለማያውቅ ሕፃን ነው። ስለዚህ ስጦታውን ለሚመርጥ ሰው ዋናው ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው የሚለው አይደለም፤ ልጁ አድጎ ትርጕሙን እስኪረዳ ድረስ ሊቈይለት ይችላልን የሚለው ነው።

ስጦታው በይበልጥ የሚጠበቀው ከክርስትና አባት ወይም ከክርስትና እናት ነው። ቋንቋው ራሱ ግዴታቸውን ይገልጻል፤ ሕፃኑን «ክርስትና አነሡት» ይባላልና። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል፥ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን መካዱን፥ ወደ ምሥራቅም ዞሮ በእግዚአብሔር ማመኑን በእርሱ ፈንታ የሚመልሱ እነርሱ ናቸው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ይሆናሉ፤ ይህም ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን እስከ መከልከል የሚደርስ ነው። እንግዲህ የክርስትና አባት የሚሰጠው ዕቃ ለገባው ቃል ምልክት ነው እንጂ የቃሉ ምትክ አይደለም።

ከሚሰጡት ነገሮች ሁሉ በገበያ ዋጋው እጅግ ያነሰው ማተብ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ክር ሲሆን፥ ሦስት ቀለም ክር ተገምዶ ሲሠራ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይባላል። ካህኑ በሕፃኑ አንገት ያስረዋል። ክሩ ያረጃል፥ ይበጠሳልም፤ ሲበጠስ ግን በሌላ ይተካል እንጂ አንገት ባዶውን አይቀርም። ሕዝቡ ለዚህ ክር የሰጠው ክብር ከንግግሩ ይታወቃል። የታመነ ሰው ባለማተብ ይባላል፤ እውነቱን ለማስረገጥ የሚሻ በማተቡ ይምላል፤ ቃሉን ያፈረሰም ማተቡን እንደ በጠሰ ይቈጠራል። ለአንድ ክር ይህን ያህል ክብደት የሰጠው ዕድሜ ልክ አለመለየቱ ነው።

ከማተቡ ጋር የሚንጠለጠል የብር ወይም የወርቅ መስቀል መስጠትም የተለመደ ነው። መስቀል የማያረጅ በመሆኑ መልካም ስጦታ ነው። ልብስ ግን፥ ምንም እንኳ በዕለቱ ደስ ቢያሰኝ፥ ከዓመት በኋላ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ወርቅም ቢሆን አንድ ችግር ያመጣል። የስጦታው ክብር በወርቁ ሚዛን መለካት ሲጀምር፥ ወላጆች ደግ ጎረቤታቸውን ትተው ባለጸጋ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ድኃው ወዳጅም አበልጅ ሁን ሲሉት ኀፍረት ይይዘዋል። ልጁም መስቀሉን ያንጠለጠለለትን ሰው ዳግመኛ ሳያየው ሊያድግ ይችላል።

የተሻለው ምርጫ ስጦታውን ከሁለት መክፈል ነው። በዕለቱ ማተብና አቅም የፈቀደው መስቀል ይሰጣል፤ ልጁ ማንበብ ሲችል ደግሞ መዝሙረ ዳዊት ይጨመርለታል። በቤተ ክርስቲያን የንባብ ትምህርት ከፊደል የተነሣ ልጅ በመጨረሻ የሚደርሰው 150ዎቹን መዝሙራት ወደ ያዘው ወደ ዳዊት ነው፤ ዳዊት መድገሙም ለቤተ ሰቡ ደስታ ነው። በጥንት ጊዜ ይህ መጽሐፍ በብራና ተጽፎ በቆዳ ማኅደር የሚያዝ ውድ ሀብት ነበር፤ ዛሬ ግን የታተመው በቀላሉ ይገኛል፤ ግዕዙ ከአማርኛ ትርጕሙ ጋር የቀረበበትም አለ። መጽሐፉን የሚሰጥ የክርስትና አባት ልጁ ፊደል ቈጥሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን በጆሮው ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ሲሆን ደግሞ ከመጽሐፉ አስቀድሞ ፊደሉን የሚያስተምረው ሰው መፈለግ ያሻል። ገጸ በረከቱ ሰጪውን ወደ ልጁ ቤት የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፥ በ40 እና በ80 ቀን የሚፈጸመው ሥርዓት ለስጦታ የሰጠው ጊዜ አንዲት ዕለት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕፃኑ በዚያች ዕለት ያላወቀውን ነገር ኋላ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ክር ያሰረለት ድኃ፥ ልጁ አድጎ «ይህ ለምን ታሰረልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ለመስጠት በአጠገቡ ከተገኘ፥ ወርቅ ሰጥቶ ከራቀው ባለጸጋ ይልቅ የክርስትና አባትነቱን ፈጽሟል።