አሮጌ የቀርከሃ ወንበር ለምን ዋጋ ያወጣል?

የቤት ዕቃ ባረጀ ቁጥር ዋጋው መውረዱ የተለመደ ነው። በለንደንና በኒውዮርክ የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ ግን አሮጌ የቀርከሃ ዕቃ ከአዲሱ በልጦ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛው አቅርቦት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1854 በሯን ለምዕራባውያን ከከፈተች በኋላ የሩቅ ምሥራቅ ዕቃ በአውሮፓ ተወደደ። እንግሊዝም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀርከሃ ጠረጴዛና መደርደሪያ በብዛት ሠራች። የዚያን ዘመን ዕቃ ዛሬ ማምረት አይቻልም፤ የሚሰበር እንጂ የሚጨመር የለውም። ሁለተኛው ጥንካሬ ነው። ነቀዝ የሚመገበው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ሳይደርስ የተቆረጠውም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መቶ ዓመት የቆየ ወንበር ይህን ፈተና አልፏል።

ይሁንና ቀርከሃ የሚመስል ሁሉ ቀርከሃ አይደለም። በእንግሊዝ የብራይተን ቤተ መንግሥት "የቀርከሃ" ደረጃ በአመዛኙ ብረት ነው። ቀርከሃ አስመስለው የሚቀርጹት እንጨትም ብዙ ነው። የውጭ ነጋዴ "ውስጡ ክፍት ከሆነ ቀርከሃ፣ ድፍን ከሆነ ራታን" ብሎ ይለያል። ይህ መለያ ለአገራችን አይበቃም፤ የደጋው ቀርከሃችን ክፍት ሲሆን የቆላው በአብዛኛው ድፍን ነው። ስለዚህ ጎላ ያለውን አንጓ ማየት ይሻላል።

ገዥ ከመክፈሉ በፊት ወንበሩን ገልብጦ ይመርምር። ከቀዳዳው አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ፣ የሚከፍለው ለዕድሜው ሳይሆን ለነቀዙ ነው።