ዋጋ ከመላካችሁ በፊት የሌላውን አትዩ፦ የብዙ ሰው ግምት የሚሠራው መቼ ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋው እንዴት እንደሚሰበሰብ ነው። ባለፈው ወር «አዲስ አበባ ላይ ነጭ ጤፍ በኩንታል 500 ብር ጨመረ» ብዬ መለጠፌን ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ላከልኝ። እኔም ቁጥሩን ግሩፑ ላይ አስቀምጬ «እናንተስ ጋ?» ብዬ ጠየቅሁ። አራት ሰው «እኛም ጋ እንደዚያው ነው» አለ። አምስት ምስክር አገኘሁ ብዬ ለጠፍኩት። ለካ ምስክሩ አንድ ብቻ ነበር፤ አራቱ የሱን ነው የደገሙት። አንድ ወንድማችን ይህን አምኖ ከገበሬው ዋጋ ጨምሮ ገዛና አንድ አይሱዙ ጭኖ ገባ። ገበያው ግን ንቅንቅ አላለም። ትርፉ ይቅርና የጭነቱን እንኳ አልሸፈነለትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መረጃ ወይም ሥራ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ነገር ማውጣት «ክራውድሶርሲንግ» ይባላል። ቃሉን በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጄፍ ሃው የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ሐሳቡ ግን ለኛ አዲስ አይደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ጥያቄው መቼ ጌጥ፣ መቼ ሸክም ይሆናል የሚለው ነው።

ከገበያ ልጀምር። በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ላይ በተደረገ የከብት ትርኢት አንድ ሰንጋ ቀረበ። ታርዶ ሥጋው ሲመዘን ስንት እንደሚመጣ በደንብ የገመተ ይሸለማል ተባለ። ትኬቱ ስድስት ፔኒ ስለሆነ ለቀልድ የሚገምት ብዙ አልነበረም። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ ሳይንቲስት በኋላ የሚነበቡትን 787 ትኬቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደራቸው። መሃል ላይ የዋለው ግምት 1,207 ፓውንድ ነበር፤ ሚዛኑ ያወጣው 1,198 ፓውንድ። ከ540 ኪሎ በላይ በሆነ ሥጋ ላይ የተሳሳቱት 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው! ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ትኬት ላይ ነው የጻፈው። አንዱ ጮክ ብሎ ቢናገር ኖሮ ሌላው ወደሱ ይሳብ ነበር።

ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል። ጎልድኮርፕ የተባለ የካናዳ የወርቅ ኩባንያ ሬድ ሌክ በሚባለው ማዕድኑ ወርቁ የት እንዳለ ማግኘት ሲያቅተው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በምስጢር የሚይዘውን የከርሰ ምድር መረጃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። «የት ልቆፍር?» ብሎ 575,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንደኛ የወጡት አውስትራሊያ የሚገኙ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። ቁም ነገሩ ግን ጥቆማው ስለመጣ ብቻ ወርቅ አለ አለመባሉ ነው። ቆፍረው አረጋገጡ፤ ወርቁም ተገኘ።

ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ደግሞ እዚሁ አገራችን ሠርተውበታል። በዱረም ስንዴ፣ ማለትም በፓስታና በማካሮኒ ስንዴ ላይ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የተሳተፉበት ጥናት አለ። ለአንድ ገበሬ ሦስት ዓይነት ዘር በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። በማሳው ዘርቶ «የትኛው በለጠ? የትኛው አነሰ?» ለሚለው ብቻ ይመልሳል። በዚህ ዘዴ ዘሩ የሚሰጠው በስሙ ሳይሆን በምልክት ነው፤ ዝና ሰምቶ እንዳይፈርድ። ከኢትዮጵያ፣ ከኒካራጓና ከህንድ የተሰበሰበው የ12,409 ማሳዎች ውጤት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንድ ገበሬ የሚያውቀው የራሱን ማሳ ነው፤ የብዙዎቹ ፍርድ ሲደመር ግን የትኛው ዘር ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚስማማ ይናገራል።

የቡና ሰዎች ይህን ያውቁታል። ቡና ቅምሻ ላይ ቀማሾቹ ነጥባቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ አይነጋገሩም። ፊት ማኮሳተር እንኳ ነውር ነው። ዝም የሚባለው የአንዱ ምላስ የሌላውን እንዳያበላሽ ነው። እኔ ያጠፋሁት ይህንኑ ነው፦ ነጥቡን ቀድሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እንሥራ፦

1️⃣ ዋጋ በውስጥ መስመር ብቻ ይላክልኝ። ማታ 12 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ፤ ከዚያ በፊት ምንም ቁጥር አልለጥፍም።

2️⃣ የሸጣችሁበትን ወይም የገዛችሁበትን ላኩ። ቦታውን፣ ደረጃውንና ስንት ኩንታል እንደሆነ ጨምሩ። «ሰማሁ» ዋጋ አይደለም።

3️⃣ የምለጥፈው አማካዩን ሳይሆን ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለውን ነው። ለምሳሌ 12,400፣ 12,500፣ 12,500፣ 12,600 እና 15,000 ቢላክልኝ አማካዩ 13,000 ይሆናል፤ በዚህ ዋጋ የሸጠ ግን አንድም የለም። መሃሉ 12,500 ነው። አንድ ዋሾ አማካዩን ይጎትታል፣ መሃሉን ግን በቀላሉ አያነቃንቅም።

4️⃣ ስንት ሰው እንደላከ አብሬ እጽፋለሁ። ከአምስት ሰው በታች ከሆነ «መረጃው አልሞላም» እላለሁ እንጂ ዋጋ ብዬ አልለጥፍም።

5️⃣ ጭነት በእጃችሁ ካለ ንገሩኝ። መሸጥ የሚፈልግ ዋጋውን ከፍ፣ መግዛት የሚፈልግ ዝቅ ማድረግ ያምረዋል። እኔም ደላላ ነኝ፤ በእጄ ዕቃ ባለበት ቀን ከዋጋው ሥር እጽፈዋለሁ።

ይህም ሆኖ የኛ ዋጋ ጥቆማ ነው። ካናዳዎቹ ቆፍረው እንዳረጋገጡት፣ እናንተም መኪና ከመጫናችሁ በፊት ገዢያችሁ ጋ ደውሉ።

ያ ወንድማችን የኔን ኮሚሽን አልከፈለም፤ ኪሳራውን ግን አይሞላለትም። እሱ አሁንም እዚሁ ቻናል ላይ አለ። ነገ የመጀመሪያውን ዋጋ እልካለሁ ብሎኛል።

የነገውን የሰርገኛ ጤፍና የጀንፈል ቡና ዋጋ በውስጥ እጠብቃለሁ። መልካም ገበያ 🙏