ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት በዳማከሴ አይታለፍም

ሎንደን ውስጥ እንጀራውን ለማግኘት የሚሯሯጠው ወገን ለአደጋ ቅርብ ነው። ምግብ በብስክሌት የሚያደርሰው፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው፣ በኩሽና እርጥብ ወለል ላይ የሚውለው፣ ሚኒካብ የሚነዳው ሁሉ አንድ ቀን ሊወድቅ ወይም ሊጋጭ ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታው ሰው ልብሱን አራግፎ ይነሳና «ደህና ነኝ» ይላል። ማታ ራሱን ሲያመው ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ ራሱም በሻሽ ይታሰራል። ነገ ሥራ አለና ሐኪም ቤት መሄዱ ይቀራል።

«ደህና ነኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚያዘናጋ ዓለም ያየው በማርች 2009 ነው። የሎንደን ተወላጇ ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ ስትማር ወደቀች። የሚታይ ቁስል ስላልነበራት የተጠራው አምቡላንስ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ራሷን አመማት፤ ከወደቀች በሁለተኛው ቀን በ45 ዓመቷ አረፈች። ምክንያቱ በራስ ቅሏና በአንጎሏ ሽፋን መካከል የተጠራቀመ ደም ነበር። እንዲህ ያለው ደም ቀስ እያለ ሲቋጠር ሰውየው ያወራል፣ ይራመዳል፤ ቦታው ሲጠብ ግን አንጎሉ ይጨፈለቃል።

ተመትቶ ራሱን የሚያመው ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። የአብዛኛው ሕመም በእረፍትና በፓራሲታሞል ይለቃል። ሁለቱን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

መቼ ይኬዳል?

የተመታው ሰው አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ወይም ከጆሮው አለዚያም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ ወዲያውኑ 999 ይደወላል። ራስ ምታቱ በማስታገሻ አልለቅ ካለ፣ ካስመለሰው፣ የሆነውን ከረሳ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ጥርጣሬ ላለው 111 አለ።

እዚያ ምን ይደረጋል?

ሐኪሞች የዓይን ብሌንን ያያሉ፣ የእጅና የእግርን ጉልበት ይፈትሻሉ። በ1974 በግላስጎ ከተማ በወጣው መለኪያም ንቃትን ከ15 ነጥብ ይሰጣሉ። ከአንድ ጊዜ በላይ ያስመለሰው ወይም ሌላ ከባድ ምልክት ያለበት አዋቂ፣ ምልክቱ በታወቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲቲ ስካን እንዲነሳ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ያዝዛል። ምልክት የሌለበት ምክር በጽሑፍ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ጨረሩ ያለ ምክንያት ስለማይሰጥ ነውና «ተናቅሁ» ሊል አይገባም።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይጎዳል። «ራሴን አሞኛል» ብቻ ያለ ሰው እንደ ማንኛውም ራስ ምታት ሊታይ ይችላል። መመታቱን፣ ሰዓቱን፣ ማስመለሱንና የሚወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። ልጅን ማስተርጎም ግን አይገባም። የድንገተኛ ክፍል ምርመራና ሕክምናም የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ጭምር በነጻ ነው። ክፍያ ሊመጣ የሚችለው አልጋ ከተያዘ በኋላ ሲሆን፣ ስደተኞችና ጉዳያቸው በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከዚያም ነጻ ናቸው።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

ለመጀመሪያው 24 ሰዓት አንድ አዋቂ ሰው አብሮ ይደር። መጠጥ ይቅር፣ መኪና አይነዳ። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድ። ራስ ምታቱ ለሳምንታት ከቆየ ደግሞ ማስታገሻ መደራረብ መፍትሔ አይደለም፤ በወር ከ15 ቀን በላይ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ለጂፒ ይነገር። አረጋውያን ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ መደናገር ወይም መንገዳገድ ከጀመራቸው «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ደም ቀስ ብሎ ሊቋጠር ይችላልና።

የአንድ ቀን ደመወዝ ይተካል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጓደኛው ሲወድቅ ያየ ወገን «ደህና ነኝ» ቢለውም ይዞት ይሂድ።